ማዳም ያልከፈለችኝ ደመወዝ ቀረ ማለት ነው?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎት። የምጽፍልዎት ከሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ደላላ በሌላ አገር አዙሮ ቤሩት አስገባኝ። ደመወዜ በወር 150 ዶላር ነበር። ማዳም መጀመሪያ ላይ በደንብ ትከፍለኝ ነበር። በየወሩ በሀዋላ እልክ ነበር፤ ወንድሜም በዚያ ብር ላይ ትንሽ ጨምሮ ባጃጅ ገዛ። ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ግን ‘ባንኩ ዶላር አይሰጥም፣ ትንሽ ታገሺ’ ማለት አመጣች። ታገስኩ። ከዚያ ኮሮና ገባና ሁሉም ቤት ዋለ። ልጆቹ ትምህርት የላቸው፣ ሚስተር ሥራ የለው። እኔ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት እግሬ ላይ ነበርኩ። ቆሻሻ ለመጣል እንኳ መውጣት ተከለከልኩ። ወደቡ የፈነዳ ሰሞን ‘የምከፍልሽ የለኝም’ ብላ ከነሻንጣዬ ቆንስላው በር ላይ አውርዳኝ ሄደች። ፓስፖርቴንም አልሰጠችኝም። የ10 ወር ደመወዝ እሷ ጋ ቀረ። ሰው ቲኬት አዋጥቶልኝ በሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ በሚሰጠው የጉዞ ወረቀት፣ አገሬ ገባሁ።

አሁን እናቴ ታማለች። አንድ ደላላ በቪዚት ቪዛ ዱባይ ላስገባሽ፣ እዚያ ስትደርሺ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየራል ይለኛል። ለቪዛና ለቲኬት የጠየቀውን ብር ወንድሜ ባጃጁን ሽጦ ሊከፍል ተስማምቷል። ቤት ውስጥ ግን የሚያምነኝ የለም። አጎቴ ሰው ፊት ‘ገንዘቡን የት አደረስሽው?’ ብሎኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ገንዘቤ ቀረ ማለት ነው? ልሂድ ወይስ ልቅር? ቤተሰቤስ እንዴት ይመነኝ?»

እህቴ፣ በጤና ለአገርሽ በመብቃትሽ ፈጣሪ ይመስገን። ሦስት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። እኔ ግን ከመጨረሻው ልጀምር። ደብዳቤሽን ሳነበው ከማዳም ይልቅ የአጎትሽ ቃል የበለጠ እንዳቆሰለሽ ገባኝ። ደግሞም በራስሽ ቤት ያላመነሽ ሰው እያለ ለክስ የሚሆን ጉልበት ከየት ይመጣል?

አጎትሽ ቤሩት ውስጥ ያን ዓመት ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። ስለዚህ ይህን ገጽ ይዘሽለት ሂጂና አንቢለት። የሊባኖስ ገንዘብ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ እየተመነዘረ የኖረ ነበር። በጥቅምት 2012 የሊባኖስ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ባንኮች ተዘጉ። ሲከፈቱም ሰው የራሱን ዶላር ማውጣት አልቻለም። ሊራው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደቀ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት የቤሩት አየር ማረፊያ ተዘጋ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ መውጣት የፈለገች ልጅ ሁሉ በልዩ በረራ ካልሆነ በቀር መውጫ አልነበራትም። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ።

በዚያ አገር ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። ከግንቦት 2012 ጀምሮ አሠሪዎች ልጆቻችንን በመኪና እያመጡ ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሄዱ። ልጆቹ ፍራሽና ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልት ላይ አደሩ። የዓለም ቴሌቪዥኖች ሁሉ ቀርጸውታል። አብዛኞቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። ብዙዎቹ ፓስፖርት አልያዙም። አጎትሽ የተጠራጠረው ታሪክ በአንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአደባባይ የታየ ነው።

ደግሞ ማስረጃው እቤታችሁ ውስጥ አለ። ገንዘብ ትልኪ የነበረው በሀዋላ አይደል? የተቀበለው ወንድምሽ ነው። በየስንት ጊዜው እንደተላከ፣ መቼ እንደቆመ እሱ ያውቃል። መስከረም 2012 ድረስ በየወሩ መጣ። ከጥቅምት በኋላ ቆመ። ገንዘብ ደብቃ የምታስቀምጥ ልጅ ባንኮቹ በተዘጉበት ወር በድንገት መደበቅ አትጀምርም። ይህን ወንድምሽ ራሱ በአጎትሽ ፊት እንዲናገር ጠይቂው። አንቺ ብትናገሪ ራስን መከላከል ይመስላል፤ እሱ ሲናገር ግን ምስክርነት ነው። ቤተሰቡ የሚያከብረው አንድ ትልቅ ሰው፣ ሼህም ይሁኑ ቄስ፣ ካለ እሳቸው ባሉበት ይሁን። አንድ ጊዜ ይነገር፣ ይበቃል። በየሰርጉና በየለቅሶው ለመጣ ሰው ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

አልቀረም። ሠርተሽበታል፣ ዕዳ ነው። ማዳም ‘ዶላር ጠፋ’ ያለችው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ዶላር ጠፍቶ ነበር። ግን ዶላር በመጥፋቱ የአንቺ ሥራ አልቆመም። እንዲያውም ጨመረ። መክፈል ያልቻለ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው ሠራተኛውን ማሰናበት፣ ፓስፖርቷን መስጠት፣ የመመለሻ ቲኬቷን መቁረጥ ነው። እሷ ግን 10 ወር አሠርታሽ ነው የለቀቀችሽ። ሒሳቡ 1,500 ዶላር ነው። በዶላር ተዋውለሽ እንደሆነ የምትጠይቂውም በዶላር ነው። በወደቀው ሊራ አስልተው ጥቂት ወረቀት ቢያቀርቡልሽ አትፈርሚ። በተለይ ‘ምንም የምጠይቀው የለም’ የሚል የአረብኛ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። ቆንስላው በር ላይ ወይም አየር ማረፊያ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርመሽ ከነበረም ለጠበቃሽ ቀድመሽ ንገሪያት። ሳታነቢ፣ ተጨንቀሽ የፈረምሽው መሆኑ ይቆጠራል።

አስቸጋሪውን አልደብቅሽም። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ አውጥቷቸዋል። የሥራ ሰዓት ገደብ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ካሳ የሚባለው ሁሉ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። በዚያ ላይ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት አለ። ኢቃማሽ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ የተያያዘው ከአሠሪሽ ስም ጋር ነው። ከቤቷ ከወጣሽ ሕገ ወጥ ትሆኛለሽ። በ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ የአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር አዲስ የኮንትራት ቅጽ አውጥቶ ነበር። ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ እንድትለቅ፣ የትርፍ ሰዓት እንዲከፈላት የሚል ነበር። የመክተቦቹ፣ ማለትም ሠራተኛ የሚያስመጡት ቢሮዎች፣ ማኅበር ተቃወመ። በቀጣዩ ወር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ይህን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም። አንድ ሰው ‘ሊባኖስ ሕጉ ተቀይሯል፣ ግቢ’ ቢልሽ እንድታውቂው ነው።

ግን ከሠራተኛ ሕጉ መውጣት ከሕግ ሁሉ መውጣት አይደለም። ኮንትራት ኮንትራት ነው። በሊባኖስ ስለ ውልና ግዴታ የሚናገረው አጠቃላይ ሕግ ለአንቺም ይሠራል። የሥራ ክርክር የሚያዩት ችሎቶች የቤት ሠራተኞችን የደመወዝ ክስ ተቀብለው ሲያዩ ኖረዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የቤሩት የአስቸኳይ ጉዳዮች ዳኛ ፓስፖርት የያዘች አሠሪ እንድትመልስ አዝዟል። ከሁሉም ይበልጥ እንድታውቂው የምፈልገው ግን ይህን ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ጥቅምት አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ በቀድሞ አሠሪዋና በመክተቡ ላይ ሊባኖስ ውስጥ የወንጀል ክስ አቀረበች። ክሷ ተራ የደመወዝ ክስ አልነበረም። ‘ባሪያ አድርገው ይዘውኛል’ የሚል ነበር። ለዓመታት ሳይከፈላት፣ ከቤት ሳትወጣ ኖራለች። እንዲህ ያለ ክስ በዚያ አገር ከቤት ሠራተኛ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ ዳኛ ፊት ደርሷል። እሷ እዚያ አልነበረችም፣ ጠበቆቿ ነበሩ። አንቺም ከሐይቅ ሳትነቃነቂ መክሰስ ትችያለሽ ማለት ነው።

መጀመሪያ የማዳምን ማንነት አረጋግጪ። ሙሉ ስሟን በአረብኛ ታስታውሻለሽ? ብዙ ልጆች ‘ማዳም’ ብቻ ብለው ኖረው ስሟን አያውቁም፤ ይህ አያሳፍርም። ከፋላው ያሰረሽን ያህል እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። የኢቃማሽ መዝገብ በሊባኖስ የአጠቃላይ ደህንነት መሥሪያ ቤት አለ። የከፊልሽ፣ ማለትም የአሠሪሽ፣ ስም እዚያ ተጽፏል። የኢቃማ ፎቶ፣ የቪዛ ወረቀት፣ በፊርማ የተረጋገጠ የኮንትራት ቅጂ፣ ከእነዚህ አንዱ ስልክሽ ውስጥ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። ያው አሮጌ ስልክ የትም ወድቆ ከሆነ ፈልጊው። የሀዋላ ደረሰኝ፣ ከማዳም ጋር የተላላካችሁት የዋትሳፕ ድምፅ፣ ቤቱ ውስጥ የተነሳሽው ፎቶ፣ የሊሴ ፓሴሽ ቅጂ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቢ። የሰፈሩን ስም፣ የሕንፃውን ምልክት፣ ፎቁን፣ ከታች የነበረውን ሱቅ ጻፊ። የናጡሩን፣ የሕንፃውን ጠባቂ፣ ስም ታውቂ ይሆናል። በዚያው ሕንፃ የምትሠራ የአገርሽ ልጅ ነበረች? በረንዳ ላይ ሆናችሁ ታወሩ የነበራችሁት? እሷ ምስክር ናት።

ከዚያ ታሪክሽን በራስሽ ቃል፣ ከቀን ወደ ቀን ጻፊው። መጻፍ ከከበደሽ በስልክሽ ድምፅ ቅጂው፣ የተማረች እህት ትገልብጥልሽ። መቼ ገባሽ፣ ስንት ወር ተከፈለሽ፣ መቼ ቆመ፣ ምን አለችሽ፣ መቼ አወረደችሽ። ስድቡን ሳይቀር። ይህን አንድ ጊዜ በደንብ ከሠራሽው በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው እያነሳሽ መሰቃየት አይኖርብሽም። ወረቀቱን ትሰጫቸዋለሽ።

ወደ ማን ትሂጂ? ሊባኖስ ውስጥ ‘እኛ ለኛ በስደት’ የሚባል ማኅበር አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት እዚያው አገር ሰው ቤት ሲሠሩ የነበሩ የእኛ ሴቶች ናቸው። በኮሮናና በፍንዳታው ጊዜ ለልጆቹ ምግብና የቤት ኪራይ ሲያደርሱ፣ ቲኬት ሲቆርጡ የነበሩ ናቸው። በአማርኛ ትጽፊላቸዋለሽ። ማዳም፣ መክተብ፣ ኢቃማ ስትያቸው ምን ማለትሽ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ካሪታስ ሊባኖስና ካፋ የሚባለው የሴቶች ድርጅትም የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ይይዛሉ። ያን የባርነት ክስ ያቀረበው ሊጋል አክሽን ወርልድዋይድ የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት ነው። አገር ቤት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው ሥር ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከፍተዋል፤ በቅርብሽ ያለውን ጠይቂ። ማመልከቻ ለመጻፍና ውክልና ለማዘጋጀት እነሱ ይበቁሻል።

ውክልናውን ግን በራስሽ አታርቅቂው። ሊባኖስ ያለችው ጠበቃ ጽሑፉን መጀመሪያ ትላክልሽ። በዚያ አገር ፍርድ ቤት ተቀባይነት ያለው አጻጻፍ ስላለ ነው። ከዚያ አንቺ ሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ትፈርሚያለሽ፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ የተቀባዩ አገር ተወካይም ማኅተሙን ያኖርበታል። ውክልናው ለመክሰስና ለመከራከር ይሁን። ገንዘብ የመቀበልና የመታረቅ ሥልጣን ስትሰጪ ‘ከዚህ መጠን በታች ያለ እኔ ፈቃድ አይታረቅ’ የሚል ይግባበት።

የጊዜ ነገር ያሳስበኛል። የደመወዝ ክስ በየትም አገር የማቅረቢያ ጊዜ አለው። ዓመታት አልፈዋል። ለጠበቃዋ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ‘ጊዜው አልፏል ወይ?’ ይሁን። ተራው የደመወዝ ክስ ጊዜው አልፏል ብትልሽም ስልኩን አትዝጊ። ፓስፖርት መያዝ፣ ከቤት እንዳትወጪ መከልከል፣ ያለ ክፍያ ማሠራት በወንጀል የሚታይበት መንገድ ስላለ እሱንም ጠይቂያት። ክሱ ፈጥኖ አያልቅም። የዛሬዋን የእናትሽን መድኃኒት በዚያ ገንዘብ ላይ እንዳትመሠርቺ። ሲመጣ ይመጣል።

ስለ ደላላው አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ በ2010 ስትሄጂ አገራችን የቤት ሠራተኞችን ወደ ሊባኖስ መላክ ካቆመች ወደ አሥር ዓመት ሊሞላ ነበር። ስለዚህ ‘እኔም ጥፋተኛ ነኝ፣ ብናገር ይይዙኛል’ ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። አትፍሪ። በሰው የመነገድና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚቀጣው አሻጋሪውን ነው። ለተጎጂ ጥበቃ አለው። ያኔ የላከሽን ሰው ስም ታውቂ ከሆነ ለፖሊስ መናገር ትችያለሽ። የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ ማንም አያስገድድሽም። ሰፈር ውስጥ ቂም እንዳይመጣ ብትፈሪ ይገባኛል፤ መጀመሪያ ከሕግ ባለሙያዋ ጋር ተመካከሪበት።

አሁን ዱባይ።

በዚህ ደላላ፣ በዚህ ቪዛ፣ አትሂጂ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲጠይቀኝ ‘አስቢበት’ እላለሁ። ለአንቺ ግን አትሂጂ ነው የምልሽ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2022 እ.ኤ.አ. አዲስ የቤት ሠራተኞች ሕግ አውጥታለች። በወረቀት ላይ ከሊባኖስ እጅግ ይሻላል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም 8ቱ ሰዓት ሳይቆራረጥ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ፣ ፓስፖርትሽ በእጅሽ። ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው በፈቃድ፣ በተመዘገበ ኮንትራት ለገባች ልጅ ነው። በቪዚት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ማዳም ባትከፍልሽ ለሥራ ሚኒስቴራቸው ‘ደመወዜን ተከለከልኩ’ ስትይ ስምሽ መዝገብ ላይ የለም። ቪዛው ሲያልቅ በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣት ይጀምራል። ‘ይቀየራል’ የሚለው ቃል ብዙ ልጆችን ቢሮ ውስጥ ቆልፎ አስቀምጧል። አንዳንዶቹ ዱባይ የተባሉት ሳያውቁት ወደ ሌላ አገር ተሻግረዋል። ደግመሽ ቤሩት መግባትሽ ነው። እንዲያውም ከቤሩቱ ይብሳል፤ እዚያ ቢያንስ ኢቃማ ነበረሽ።

ሌላም አለ። ደላላው የጠየቀሽ ብር የምንድነው? ለቪዛና ለቲኬት ብለሽኛል። ስለ ውጭ አገር የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላም በ1246/2013 የተሻሻለው፣ ይህን ወጪ በሠራተኛዋ ላይ አይጥልም። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። የአንቺ ድርሻ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንሽን የሚገልጽ ማስረጃ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫውና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። ወንድምሽ ባጃጁን ሸጦ ሊከፍል ያሰበው ከሕግ አንፃር ሌላ ሰው ሊከፍለው የሚገባውን ነው።

ባጃጁ እንዳይሸጥ። ከቤሩት የተረፈሽ ይህ ብቻ ነው። የተገዛው በአንቺ ላብ መሆኑን ወንድምሽ አይክድም፤ ሊሸጠው መስማማቱም ደግነቱን ያሳያል። እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ ‘አትሽጠው፣ ከየሳምንቱ ገቢ ለእማ መድኃኒት የሚሆን አውጣ፣ የኔንም ድርሻ እንነጋገር።’ ይህን ወረቀት ላይ አስፍሩት። በወንድምና በእህት መካከል ውል መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ነውር አይደለም። አጎትሽም ቢሆኑ ገንዘቡ የት እንደገባ ያዩታል፤ ጎማ ላይ እየሮጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መሄድ ከፈለግሽ አልኮንንሽም። እናት ታማ ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን በሕጋዊው በር ግቢ። የወረዳሽ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱ ትመዘገቢያለሽ። ሥልጠና ትወስጃለሽ። ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን እዚያው ጠይቂ፤ ወንድምሽ ወይም ጎረቤት ‘ታማኝ ነው’ ማለቱ አይበቃም። መንግሥት የሁለትዮሽ ስምምነት ከፈረመባቸው አገሮች ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታር፣ ዮርዳኖስና ኤምሬትስ ይገኛሉ።

የዚህ በር ትልቁ ጥቅም ስሙ ሕጋዊ መሆኑ አይደለም። በአዋጁ መሠረት አገር ቤት ያለው ኤጀንሲ ከውጭ አገሩ አሠሪ ጋር በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂ ነው። ማዳም ሳትከፍልሽ ብትቀር ኤጀንሲውን እዚሁ፣ በአማርኛ፣ በአገርሽ ፍርድ ቤት ትከሺዋለሽ። ኤጀንሲው ፈቃድ ሲወስድ በባንክ ያስያዘው የዋስትና ገንዘብም አለ። ቤሩት ላይ ይህ ቢኖርሽ ኖሮ ዛሬ ለ1,500 ዶላር ባሕር ማዶ ጠበቃ ፍለጋ አትገቢም ነበር። ስለዚህ የኮንትራቱን ቅጂ አንድ ለእናትሽ፣ አንድ ለወንድምሽ ትተሽ ነው የምትወጪው።

የአገር ምርጫ ላይም ላስጠንቅቅሽ። መጋቢት 2013 ‘ሳዑዲ ከፋላን አነሳች’ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ያ ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም ነበር። ሾፌሩም፣ አትክልተኛውም፣ ቤት ውስጥ የምትሠራዋም ውጭ ቀሩ። ዜናውን ብቻ ሰምተው ‘አሁን ማዳም ካልተስማማችኝ እቀይራለሁ’ ብለው የሄዱ ልጆች አሉ። ኳታር በዚያው ወር ያስጀመረችው ዝቅተኛ ደመወዝ ግን የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል፦ በወር 1,000 ሪያል፣ ምግብና መኝታ ካልሰጡ ደግሞ 300 እና 500 ሪያል ተጨማሪ። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ አለ። የምትሄጂበት አገር የቤት ሠራተኛ ሕግ እንዳለው፣ ሕጉም ስለ ደመወዝና ስለ ፓስፖርት ምን እንደሚል ሳታውቂ አትፈርሚ።

ሕግ አለ ማለት ችግር የለም ማለት እንዳልሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የማዳም በር ከተዘጋ ውስጥ የሚሆነውን ተቆጣጣሪ አያየውም። ስለዚህ ደመወዝሽ በየወሩ በባንክ ይግባልሽ። ሁለት ወር ከዘገየ ሦስተኛውን አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ለኤጀንሲው በጽሑፍ አሳውቂ፣ ለኤምባሲም ለቤተሰብም። ቤሩት ላይ ‘ትንሽ ታገሺ’ ስትባይ 10 ወር የታገስሽው የዋህ ሆነሽ አይደለም፤ አየር ማረፊያው ተዘግቶ፣ ፓስፖርትሽ ተይዞ፣ መንገዱ ሁሉ ጠፍቶ ነው። ዳግመኛ ግን እዚያ ድረስ እንዳትደርሺ።

ስለ እንቅልፉ። ይህን በመጨረሻ ያመጣሁት አሳንሼው አይደለም። ቶሎ ሰው ልታይው የሚገባ ነገር ነው። ለወራት ታስሮ የኖረ ሰው፣ ፍንዳታ የሰማ ሰው፣ መንገድ ላይ የተጣለ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ጠበል መግባትም ዱዓ ማስደረግም ካረጋጋሽ ቀጥይ። ግን በቅርብሽ ካለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቂ። አዲስ አበባ መምጣት ከቻልሽ አጋር ኢትዮጵያ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከዓረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ ሴቶችን አስጠግቶ የሚያክም፣ የሚያማክር ነው። ሐኪሟ የምትሰጥሽን ወረቀት ደግሞ አስቀምጪው። ለጤናሽ ከሚጠቅምሽ በተጨማሪ ጠበቃዋ ትፈልገዋለች፣ በደረሰብሽ ጉዳት ላይ ማስረጃ ነውና።

ለ‘እኛ ለኛ በስደት’ በዚህ ሳምንት ጻፊ። ስምሽን፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ወር፣ የሰፈሩን ስም፣ ያልተከፈለሽን የወር ብዛት ብቻ ላኪ። ዋናዎቹን ወረቀቶች ለማንም እንዳትሰጪ፤ ፎቶ ይበቃል። የኢቃማው ፎቶ ከጠፋብሽም ደብዳቤውን አታዘግዪው፤ የከፊልሽን ስም ከመዝገብ ማስፈለግ የጠበቃዋ ሥራ ነው።